ኤምባሲ የሌለው እንግዳ፦ ከአዲስ አበባ 1928 እስከ ዲላ 2009

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት። ቡናው የይርጋጨፌ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ የሚያወራው ስለዚያው አገር ነው።

ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «መንገዱ ሰላም ነው?» ከአዲስ አበባ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተጓዡ ሾፌሩን ይጠይቃል፣ ዲላ ያለ ዘመዱ ጋ ይደውላል፣ ቴሌግራም ላይ ያስሳል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ጠያቂው በዝቷል። አንዱ የቱቱ ፈላንና የጨልባ ቱቲቲን ትክል ድንጋዮች ማየት ይፈልጋል። ሌላው ይርጋጨፌ አልፎ ኮንጋ ገብቶ፣ ስሙን በውጭ አገር ካፌ ውስጥ ያነበበውን ቡና ከእንሰቱ ጥላ ሥር ሊያየው ይፈልጋል።

ጥያቄው ትክክል ነው። ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እንዲህ ይላል፤ «መንገዱ ሰላም ሳይሆን ሲቀር ማን ያስጠጋኛል?» የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። መልሱን ለማግኘት ከዲላ ሳይሆን ከአዲስ አበባ መነሳት አለብን።

አጥር ያለው እንግዳ

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። የጣሊያን ጦር ገና አልደረሰም። አዲስ አበባ ለሦስት ቀናት ያህል መንግሥት የሌላት ከተማ ሆነች። ሱቅ ተሰበረ፣ ቤት ተቃጠለ፣ የተኩስ ድምፅ ሌሊትና ቀን አልተለየም። በከተማዋ የነበሩ የውጭ ዜጎች፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ ፈረንሳዩም፣ ወደ ሌጋሲዮኖቹ ሮጡ። በሰር ሲድኒ ባርተን ይመራ የነበረው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን የሲክ ወታደሮች የሚጠብቁት ሰፊ ግቢ ነበረው። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው እዚያ ተጠለለ። የአሜሪካ ሌጋሲዮን ራሱ በተኩስ ሲከበብ የተወሰኑ ሠራተኞቹን ወደ እንግሊዞቹ ግቢ ማሸሽ ግድ ሆነበት። የቆሰለ ለማንሳት ከግቢ የወጣው እንግሊዛዊ ሐኪም ጆን ሜሊ ደግሞ በዘራፊ ጥይት ተመትቶ ሞተ። ሚያዝያ 27 ጣሊያኖች ገቡ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ትምህርት «ለእንግዳ ዋስትናው አጥርና ዘበኛ ነው» የሚል ነው። ዛሬም የውጭ መንግሥታት ለዜጎቻቸው የሚያወጡት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ከዚያ አስተሳሰብ ብዙም አይርቅም፤ ራቁ፣ ውጡ፣ ወደ ኤምባሲ ተጠጉ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ኤምባሲዎች ተራ በተራ «በንግድ በረራ ውጡ» ማለታቸውን ታስታውሳላችሁ።

እኔ ግን ከ1928ቱ ታሪክ ሌላ ነገር አያለሁ። በዚያች ከተማ አጥር የነበረው ለጥቂቱ ነው። ከሸዋም፣ ከጉራጌም፣ ከጎጃምም፣ ከሲዳሞም ለሥራ መጥቶ አዲስ አበባ የሰነበተው ሰው የሚሮጥበት ሌጋሲዮን አልነበረውም። እሱም ከቤቱ ርቆ ያለ እንግዳ ነበር። ኤምባሲ የሌለው እንግዳ።

ገመድ ይዞ የመጣው

አሁን ወደ ጌዴኦ እንሂድ። ባለፈው ሥርዓት ደራሳ ይባል ወደነበረው አገር።

እዚያ «እንግዳ» የሚለው ቃል ሁለት ትዝታ አለው፤ ሁለቱንም ካልተናገርን ታሪክ አልተናገርንም። የመጀመሪያው ትዝታ መራራ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ የምኒልክ ጦር አካባቢውን ሲይዝ የመጣው እንግዳ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ቆይቶም የቀላድ ገመድ ይዞ መጣ። መሬት ተለካ፣ ገበሬው ገባር ሆነ፣ ቡናው ዋጋ ባወጣ ቁጥር የባለርስቱ እጅ ረዘመ። በ1952 የጌዴኦ ገበሬዎች በዚህ ሥርዓት ላይ ተነሱ። የሚችሌ ጦርነት ይባላል። ጦር ይዞ የወጣ ገበሬ በጠመንጃ ተመለሰ፤ ብዙ ሰው ወደቀ። ሥርዓቱ በሕግ የፈረሰው ከዚያ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ነው።

ሁለተኛው ትዝታ ግን እንደዚያ አይደለም። በቡናው መንገድ የመጣ ሌላ እንግዳም አለ። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ልብስ ሰፊው፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ በመኸር ወራት ቡና ሊለቅም የሚመጣው የቀን ሠራተኛ። ዲላ ከተማ የሆነችው በእነዚህ ሰዎችና በአገሬው ገበያ አንድ ላይ ነው። የአዲስ አበባ - ሞያሌ መንገድ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከእሷ ወዲያ ወናጎ፣ ይርጋጨፌ፣ ከዚያም ኬንያ ድረስ። ድንጋዮቹን ሊያጠኑ የመጡም ነበሩ። በ1920ዎቹ ጀርመናዊው አዶልፍ የንሰን ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ስለ ሕዝቡና ስለ ሥርዓቱ ጽፏል። በ1980ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም ቱቱ ፈላን ቆፍሯል። እነዚህ ሁሉ መጥተው፣ በልተው፣ አድረው፣ በሰላም ሄደዋል።

አደጋው ሁለቱ ትዝታዎች ሲደባለቁ ነው። በ1880ዎቹ ገመድ ይዞ የመጣውን ሰውና በ1980ዎቹ አንድ ጆንያ ስኳር ይዞ ሱቅ የከፈተውን ሰው አንድ ስም ስንሰጣቸው። ያ ስም «መጤ» ነው።

መስከረም 2009

የዚያን ሰሞን ታስታውሱታላችሁ። መስከረም 22 ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል ብዙ ሕይወት ጠፋ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አገሪቱ ተናወጠች። መስከረም 24 ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ አንዲት አሜሪካዊት የዕፅዋት ተመራማሪ በምትጓዝበት መኪና ላይ በተወረወረ ድንጋይ ተመትታ ሕይወቷ አለፈ። ለምርምር ሥራ የመጣች እንግዳ ነበረች። ኤምባሲዋ አስታወቀ፣ ዓለም ሰማ፣ አዘነ። ማዘኑም ተገቢ ነው።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ በጌዴኦ ዞን፣ በዲላ፣ በይርጋጨፌ፣ በወናጎ እሳት ተነሳ። ሱቆች ተቃጠሉ፣ ቤቶች ተዘረፉ፣ ሰው ተገደለ። ጥቃቱ በአመዛኙ ያረፈው ከሌላ አካባቢ መጥተው በከተሞቹ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በሚያዝያ 2009 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት በዚያ ወቅት በአገሪቱ የሞቱትን 669 ሲል፣ ከእነሱ 34ቱ የጌዴኦ ዞን ነበሩ። ቁጥሩን ሬዲዮ ላይ ሰምተን ወደ ሥራችን ሄድን።

መንግሥት ከመስከረም 28 ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ከመመሪያዎቹ አንዱ ዲፕሎማቶች ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቁ የሚከለክል ነበር፤ «ለራሳቸው ደህንነት» ተብሎ። ክልከላው ወር ገደማ ቆይቶ ተነሳ። አዋጁ ግን እስከ ሐምሌ 28 ቀን 2009 ቀጠለ።

እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ለዲፕሎማቱ በኪሎ ሜትር የተለካ ጥበቃ ወጣለት። ይርጋጨፌ ላይ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሱቅ የነገደው፣ ልጆቹን እዚያው ትምህርት ቤት ያስተማረው፣ ዕድር የገባው ሰው ምን ነበረው? የሚደውልለት ኤምባሲ የለውም። «ዜጎቻችንን አስወጡልን» የሚል መንግሥት የለውም፤ ዜግነቱ እዚሁ ነውና። የዚያን ቀን የእሱ ሌጋሲዮን ጎረቤቱ ነበር። ጎረቤቱ በሩን ከከፈተለት ይተርፋል። ካልከፈተለት የለም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለው ተረት በእንዲህ ያለ ቀን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል።

ለዚህ ነው «ከተማው ለጎብኚ ሰላም ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሆቴሉ በር ላይ አይገኝም የምለው። ለሦስት ቀን የመጣውን ጎብኚ መንካት ጣጣ አለው፤ ፖሊስ ይመጣል፣ ኤምባሲ ይጠይቃል፣ ዜና ይሆናል። የከተማው እውነተኛ መለኪያ ጣጣ የሌለበት እንግዳ ነው። ሠላሳ ዓመት የኖረ ጎረቤት በአንድ ሌሊት እንግዳ የሚሆንበት ከተማ፣ ትናንት የደረሰውን እንግዳ እጠብቃለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ቃሉ ዞሮ መጣ

አንድ ዓመት ተኩል አለፈ። በሚያዝያ 2010፣ እንደገናም በሰኔ 2010፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል ግጭት ተቀሰቀሰ። ከምዕራብ ጉጂ፣ በተለይ ከቀርጫ አካባቢ፣ በትውልድ የኖሩ ጌዴኦዎች «መጤ» ተብለው ወጡ። ጉጂዎችም ተፈናቀሉ። በሁለቱም ወገን የተፈናቀለው ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ይጠጋል። በዚያ ዓመት በግጭት ምክንያት አዲስ በተፈናቀለ ሰው ብዛት ኢትዮጵያ ከዓለም አንደኛ ሆነች፤ ሶሪያም ኮንጎም ተከትለዋት ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህን ስጽፍ «የእጃቸውን አገኙ» እያልሁ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር መናገር ነውር ነው። ቀርጫ ላይ ቤቷ የተቃጠለባት እናት በ2009 ይርጋጨፌ ላይ ክብሪት አልጫረችም። እኔ የምለው ስለ ሰዎቹ ሳይሆን ስለ ቃሉ ነው። «መጤ» የሚለው ቃል አገር የለውም። ዛሬ ዲላ ላይ አንዱን ያስወጣል፣ ነገ ቀርጫ ላይ ሌላውን፣ ከነገ ወዲያ ሀዋሳ ላይ ሦስተኛውን። በዚያው ሰኔ 2010 ሀዋሳ ላይ የሲዳማና የወላይታ ተወላጆች ግጭት ሰው ገድሎ ሰው አፈናቅሏል። ቃሉን የሚያነሳ ሁሉ ለጎረቤቱ የሳለው ቢላ ዞሮ ለወንድሙ እንደሚደርስ ይወቅ።

ያኔ ተፈናቃዩን የተቀበለው ማን ነበር? ገደብ፣ ይርጋጨፌ፣ ዲላ ዙሪያ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ያልተጠናቀቀው የመንግሥት ሕንፃ ሞላ። ከዚያ የተረፈው የዘመድና የባዕድ ጓዳ ገባ። ጌዴኦ በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሰው ያስጠጋው ቦታ ተርፎት አልነበረም።

አንድ መንገድ

ሌላው ጉዳይ መንገዱ ነው። ከዲላ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋናው አስፋልት በሲዳማ በኩል ሀዋሳን፣ ከዚያ ሻሸመኔን ያልፋል። ሐምሌ 11 ቀን 2011 የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ሁከት ሲያስነሳ መንገዱ ተዘጋ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በማግስቱ ሻሸመኔ ነደደች፤ ሆቴሎቿ ጭምር። ኢንተርኔትም ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ዲላ ላይ ጥይት ሳይተኮስ ዲላ ያለ እንግዳ ተቆልፎበት ነበር ማለት ነው። የከተማ ሰላም ከከተማው በላይ ያሉትን ከተሞች ሰላም ይፈልጋል።

ይህ ደግሞ የጎብኚ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮንጋን ውሰዱ። የኮንጋ ገበሬ እሸት ቡናውን የሚለቅመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። እሸት ቡና አይጠብቅም፤ በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ይበላሻል፣ ደረጃው ይወርዳል። በመፈልፈያው የሚሠራው፣ መኪናውን የሚነዳው፣ ሰብሳቢው፣ አቅራቢው፣ ላኪው፣ ቀምሶ ሊገዛ የሚመጣው የውጭ ሰው፣ አብዛኛው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የ2009ኙ እሳት የተነሳው በመስከረም መጨረሻ፣ ቅርጫቱ ከተሰቀለበት ሊወርድ ሲል ነበር። ሾፌሩ ከፈራ መኪናው አይመጣም። መኪናው ካልመጣ ቡናው ማሳው ላይ ነው። እንግዳን የሚያስፈራ ሰው የራሱን ጆንያ ነው የሚቀደው።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ታሪክ አውርቶ መሄድ ብቻ አይበቃም። ከላይ ከተነገረው የሚወጡ ጥቂት ነገሮች ልበል።

ለተጓዡ፦ ወደማታውቁት ከተማ ስትሄዱ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ሰው ያዙ። ስማችሁን የሚያውቅ፣ የት እንዳላችሁ የሚያውቅ፣ ቢከፋ ቤቱ የሚያስገባችሁ አንድ ሰው። ኢንተርኔት ሲጠፋ የቴሌብር አፑም የባንክ አፑም አብረው ይጠፋሉ፤ ለጥቂት ቀን የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ኪሳችሁ ይኑር። የዋና ዋና ሰዎችን ስልክ ወረቀት ላይ ጻፉ። መንገድ ሲዘጋ «ሰብረን እንለፍ» የሚል ሾፌር አትከተሉ፤ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ሰላም ባለበት የመጨረሻ ከተማ እደሩ። የተቆጣ ሰው ፊት ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ። አንድ ቀን መዘግየት ማንንም አልገደለም።

ለአስተናጋጁ፦ በአገራችን ገጠር የመሸበት መንገደኛ በር ላይ ቆሞ «አሳድሩኝ» ሲል መልሱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ነበር። ዘሩ ቀድሞ አይጠየቅም። ይህን ያስተማረን መንግሥት አይደለም፤ የትኛውም አዋጅ አይተካውም። ጌዴኦም የራሱ አለው። የሶንጎ ሽማግሌዎች አሉ። የባሌው ሥርዓትና አባ ገዳው አለ። ጌዴኦና ጉጂ ደም ሲቃቡ የሚታረቁበት ጎንዶሮ አለ። እነዚህን ሥርዓቶች የምንጠራቸው እሳቱ ካለቀ በኋላ አመዱን ለመጥረግ ብቻ ከሆነ አልተጠቀምንባቸውም። ሽማግሌው መጠራት ያለበት የመጀመሪያው ወሬ የተሰማ ቀን ነው።

ለአስተዳደሩ፦ በሁከት ቀን ኢንተርኔት መዝጋት የወሬ በር መክፈት ነው። በ2009 የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። እውነተኛ ወሬ ሲጠፋ የሚተርፈው የጎረምሳ ወሬ ነው። እንግዳው የትኛው መንገድ እንደተዘጋ የሚያውቀው ከማን ነው? የከተማው አስተዳደር በሰዓቱ «ይህ መንገድ ተዘግቷል፣ እዚህ ቆዩ» ብሎ ቢናገር ከአንድ ኦራል ወታደር ይበልጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጠያቂነት። የተቃጠለበት ሰው ካልተካሰ፣ ያቃጠለው ሰው ካልተጠየቀ፣ ቀጣዩ ክብሪት የሚጫረው በዚያ ዝምታ ነው።

ወደ ጀመርንበት ልመለስ። የ1928ቱ አዲስ አበባ ያስተማረችን አጥር ጥቂቱን እንደሚያድን ነው። የ2009ኙ ዲላ ያስተማረችን አጥር የሌለው ብዙ እንደሆነ ነው። ዛሬ ዲላ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከላት አንዷ ናት። ከየዞኑ የተመደበ ሠራተኛ ቤት ተከራይቶ ይኖርባታል፣ ዩኒቨርሲቲዋ ከመላው አገሪቱ ልጆች ይቀበላል፣ ድንጋዮቿን ሊያይ ዓለም ይመጣል። ከተማዋ ከመቼውም ጊዜ በላይ የእንግዳ ከተማ ሆናለች። ሕዝቡ እንግዳ አክባሪ ነው፤ እዚያ ቡና የጠጣ ሁሉ ይመሰክራል። ግን እንግዳ አክባሪነት የሚፈተነው ቡና በሚጠጣበት ቀን አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ የትኛውም ከተማ ስትሄዱ፣ ዲላም ይሁን ጎንደር፣ ሻሸመኔም ይሁን አዲስ አበባ፣ «መንገዱ ሰላም ነው?» ብላችሁ ስትጨርሱ አንድ ጨምሩ፤ «ከሌላ ቦታ መጥተው እዚያ የሚኖሩት ሰዎች እንዴት ናቸው? ማታ በራቸውን ዘግተው ይተኛሉ?» እነሱ ከተኙ እናንተም ትተኛላችሁ።

እናንተም በምትኖሩበት ሰፈር ከሌላ ቦታ የመጣ ጎረቤት ካላችሁ፣ ስልክ ቁጥሩ አላችሁ? ከሌላችሁ ዛሬውኑ ተቀበሉት። ለክፉ ቀን አይበለው እንጂ፣ ክፉ ቀን ከመጣ ኤምባሲው እናንተ ናችሁ።

ቸር ያሰማን።